ኤክስና ዋይን ያወጣው መምህር፤ የዳግላስ ማክግሬገር ታሪክ

ስለ ሰው ኀይል አስተዳደር ትምህርት የወሰድን ሁሉ ኤክስና ዋይ የተባሉትን ሁለት ፊደሎች እናውቃቸዋለን። ደብተራችንን ብንገልጥ ብዙዎቻችን ዘንድ የሚገኘው አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ በግራ በኩል ሰነፍ ሠራተኛ፥ በቀኝ በኩል ትጉህ ሠራተኛ ተብሎ ተጽፎበታል። በፈተናም ጊዜ ይህንኑ ገልብጠን ጽፈን ነጥባችንን ይዘን እንወጣለን። ነገር ግን እነዚህን ፊደሎች ያወጣው ሰው ስለ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አልጻፈም። የጻፈው ስለ አለቆች ነው፤ ይኸውም አለቃ የሆነ ሰው ከበታቹ ስላለው ሰው በልቡ ስለሚያምነው ነገር ነው። ነገሩን በደንብ ለመረዳት የሰውየውን ኑሮ ማወቅ ስለሚጠቅም፥ የዳግላስ ማክግሬገርን ታሪክ በዚህ እትም ለጓደኞቻችን ለማቅረብ አስበናል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ማክግሬገር በ1906 ዓ.ም. በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ስብከትና ምጽዋት ያልተለየው ቤተሰብ ነበረ። ከአያቱ ጀምሮ ለቀን ሠራተኞችና ማደሪያ ለሌላቸው ሰዎች መጠለያ ቤት አቋቁመው ያስተዳድሩ ነበር፤ ዳግላስም ገና በወጣትነቱ ማታ ማታ የመጠለያውን ጽሕፈት ቤት እየጠበቀ፥ የጸሎት ስብሰባ ሲኖርም ፒያኖ እየመታ ይረዳ ነበር።

ዲትሮይት በዚያ ዘመን ምን ትመስል እንደ ነበረች ማስታወስ ያስፈልጋል። ሄንሪ ፎርድ በ1913 ዓ.ም. ሃይላንድ ፓርክ በሚባለው ፋብሪካው ውስጥ መኪናው በተራ እየተጓዘ የሚያልፍበትን፥ ሠራተኛው ግን ካንድ ቦታ ቆሞ አንዲቱን ብሎን ሲያጠብቅ የሚውልበትን አሠራር ጀመረ። ሥራው ከማሰልቸቱ የተነሣ ሠራተኛው ሳይውል ሳያድር እየለቀቀ ስላስቸገረው፥ በ1914 ዓ.ም. የቀን ደመወዙን ወደ 5 ዶላር ከፍ አደረገ። ታዲያ ይህን ገንዘብ ለመቀበል የተገባ መሆኑ እንዲታወቅ የኩባንያው መርማሪዎች ቤቱ ድረስ እየሄዱ ጠጪ መሆን አለመሆኑን፥ ገንዘብ ማጠራቀም አለማጠራቀሙን፥ የቤቱን ንጽሕና ሳይቀር ይመረምሩ ነበር። ባንድ እጅ ገንዘብ፥ በሌላው እጅ ቁጥጥር። በዚህች ከተማ ሥራ ያጣና ከሥራ የወጣ ሰው የሚጠጋው ማክግሬገሮች ያስተዳድሩት በነበረው ዓይነት ቤት ነበር። ልጁም ያደገው ይህን ሰው ፊት ለፊት እያየ ነው።

በትምህርቱ ቀጥ ብሎ የሄደ ተማሪ አልነበረም። ኮሌጅ ጀምሮ አቋረጠና ወደ ቡፋሎ ከተማ ሄዶ ከነዳጅ ማደያ ሥራ ገባ። በዚያም ከተራ ሠራተኛነት ተነሥቶ የአካባቢውን ማደያዎች እስከ መቆጣጠር ደረሰ። ስለ አስተዳደር መጻሕፍት ከሚጽፉት ሊቃውንት መካከል ቤንዚን ቀድቶ የሚያውቀው ስንቱ እንደ ሆነ እንጃ! ከዚያ በኋላ ወደ ዲትሮይት ተመልሶ በ1932 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ፤ ወደ ሃርቫርድም ሄዶ በ1935 ዓ.ም. በሥነ ልቡና ትምህርት ዶክተር ተባለ። ጥቂት ጊዜ እዚያው ካስተማረ በኋላ በ1937 ዓ.ም. ኤም.አይ.ቲ. በሚል አጭር ስም ወደሚታወቀው ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተዛወረ።

የሥነ ልቡና መምህር በመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ይኖር ይሆናል። ዘመኑን እናስታውስ። በ1935 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የአሜሪካ ሠራተኞች ማኅበር አቋቁመው ከአሠሪው ጋር እንዲደራደሩ መብት ሰጥቷቸው ነበር። በ1936 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በፍሊንት ከተማ የጄኔራል ሞተርስ ሠራተኞች ፋብሪካው ውስጥ እንደ ተቀመጡ አንወጣም ብለው 44 ቀን አድመው ኩባንያው ማኅበራቸውን እንዲያውቅላቸው አስገደዱት። በዚያን ጊዜ የጄኔራል ሞተርስ ዋና ሹም አልፍሬድ ስሎን ነበረ፤ ይህን ስም አንባቢ ልብ ብሎ ይያዘው። መሐንዲስ የሆነ ወጣት ሁሉ ከተመረቀ በኋላ የሚጠብቀው መኪናው ብቻ ሳይሆን ሰውም መሆኑ ከዚህ ወዲያ ግልጽ ሆነ። ኤም.አይ.ቲ.ም የአሠሪና የሠራተኛን ግንኙነት የሚያጠና ክፍል አቋቋመ፤ ማክግሬገርም ይህን ክፍል ካቆሙትና ካሳደጉት አንዱ ነበረ። በጦርነቱ ዓመታት ዲዊ ኤንድ አልሚ በተባለው የኬሚካል ኩባንያ የሠራተኛ ጉዳይ ኀላፊ ሆኖም ሠርቷል። ከማኅበር ተወካዮች ጋር በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ መከራከርን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም ማለት ነው።

ከአስተማሪነት ሥራው ሁሉ እኛን ደስ የሚያሰኘን ግን በ1946 ዓ.ም. ያደረገው ነው። ጆሴፍ ስካንሎን የሚባል የብረት ፋብሪካ ሠራተኛና የማኅበር ሰው ነበረ። ስካንሎን ቦክስም ተጫውቷል፥ የወጪ ሒሳብም ይዟል። በ1930ዎቹ ዓመታት፥ የሥራ ማጣት ዘመን፥ በኦሃዮ የሚሠራበት የብረት ፋብሪካ ሊዘጋ ሲቃረብ፥ ሠራተኞቹ ራሳቸው ወጪ የሚቀንስበትን ዘዴ ፈልገው ለአሠሪው እንዲያቀርቡ አደረገና ፋብሪካው ከመዘጋት ዳነ። ማክግሬገር ይህን ሰው ጠርቶ በኤም.አይ.ቲ. አስተማሪ እንዲሆን አደረገው።

የስካንሎን ዘዴ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከፋብሪካው የምርት ዋጋ ውስጥ ለሠራተኛ ደመወዝ የሚውለው ስንት እጅ እንደ ሆነ ካለፉት ዓመታት ሒሳብ ተጠንቶ ይወሰናል። ከዚያም በየክፍሉ ሠራተኞች የመረጧቸው ሰዎችና የክፍሉ ሹም የሚቀመጡበት ኮሚቴ ይቋቋማል። ይህ መሣሪያ ከዚህ ወደዚያ ቢዞር፥ ይህ ሥራ ሁለት ጊዜ ባይሠራ የሚል ሐሳብ ያለው ሁሉ ለኮሚቴው ይናገራል፤ ሐሳቡም ለምን ተቀባይነት እንዳገኘ ወይም ለምን እንደ ቀረ ይነገረዋል። ወጪው ከተወሰነው በታች ሲወርድ የዳነው ገንዘብ በአሠሪውና በሠራተኞቹ ሁሉ መካከል ይከፈላል። ሐሳቡን ላመጣው ሰው ብቻ አይሰጥም፤ ይህ ነው የዘዴው ምስጢር። ለያንዳንዱ በቁጥር የሚከፈል ከሆነ ሰው የሚያውቀውን ከባልንጀራው ይሰውራል፤ ለሁሉ በጋራ የሚከፈል ከሆነ ግን ያሳየዋል። በማሳቹሴትስ ሃድሰን ከተማ የነበረው ላፖይንት የተባለው የማሽን መሣሪያ ፋብሪካ በዚህ ዘዴ ስሙ ተጠራ። ማክግሬገርም በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ ዘዴ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ሰጥቶታል። የሰው ብልኀት በሹማምንት ቢሮ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አለመሆኑን በዓይኑ ያየው ከዚህ ላይ ስለ ሆነ ነው።

በ1948 ዓ.ም. በኦሃዮ፥ የሎው ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው አንቲዮክ ኮሌጅ ማክግሬገርን ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመው። አንቲዮክ እንደ ሌላው ኮሌጅ አልነበረም። ከ1921 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው የዓመቱን ከፊል በትምህርት፥ ከፊሉን ደግሞ ከኮሌጁ ውጭ በደመወዝ ሥራ እንዲያሳልፍ ደንብ ነበረ፤ በኮሌጁም አስተዳደር ተማሪዎችና መምህራን አብረው ይቀመጡ ነበር። ለኛ ለተማሪዎች ማኅበር አንባቢዎች ይህ ብቻውን ሊያስቀና የሚችል ነገር ነው። ሰውን ማመን ይገባል ብሎ ለሚያስተምር ሰውም ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ቦታ አይገኝለትም።

ሆኖም የአንቲዮክን ነጻነት የሚያመሰግን ሰው አንድ ነገር መዝለል የለበትም። ከ1945 እስከ 1951 ዓ.ም. በኮሌጁ ከተማሩት አንዷ በኋላ የማርቲን ሉተር ኪንግ ባለቤት የሆነችው ኮሬታ ስኮት ነበረች። ለመምህርነት የሚያስፈልጋትን ልምምድ በከተማው ትምህርት ቤት ለማድረግ ብትጠይቅ ጥቁር በመሆኗ ተከለከለች። ለኮሌጁ አስተዳደር አቤት ብትል አስተዳደሩ ከከተማው ጋር ሊሟገትላት አልፈለገም፤ ልምምዷንም የጨረሰችው በኮሌጁ በራሱ ትምህርት ቤት ነው። ስለ እኩልነት ብዙ በሚነገርበት ቦታም እንኳ ጎረቤትን ማስቀየም የሚፈራበት ጊዜ አለ።

ማክግሬገር በፕሬዚዳንትነት ስድስት ዓመት ቆየ። ዘመኑ በአሜሪካ ሰው ሁሉ ኮሙኒስት ነህ አይደለህም እየተባለ የሚጠረጠርበት ስለ ነበረ፥ እንደ አንቲዮክ ያለውን ኮሌጅ መምራት ቀላል አልነበረም። ከዚህም ሌላ መምህራንን መቅጠርና ማሰናበት፥ በጀት መቁረጥ፥ ለአንዱ ክፍል ሰጥቶ ሌላውን መንሣት የየዕለት ሥራው ሆነ። በ1954 ዓ.ም. ሊለቅ ሲል በኮሌጁ ጋዜጣ ያወጣው አጭር ጽሑፍ ከጻፋቸው ሁሉ በግልጽነቱ የሚበልጥ ነው ብንል አናጋንንም። በዚያ ጽሑፍ የገለጸው ነገር በኛ ቃል ሲነገር እንዲህ ነው። ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት፥ አለቃ ማለት ለማኅበሩ እንደ አማካሪ ሆኖ መኖር የሚችል ይመስለው ነበር። ከባዱን ውሳኔ ሰዎቹ ራሳቸው ተነጋግረው ይወስኑታል፥ በሰዎች መካከል መልካም ግንኙነት ከኖረ ጠብና ቅሬታ ይጠፋል፥ እሱንም ሁሉ ይወደዋል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ይህ ሁሉ ፈጽሞ ስሕተት ሆኖ ማግኘቱን፥ ስሕተቱንም ለማወቅ ሁለት ዓመት ያህል እንደ ፈጀበት ጻፈ። አለቃ በማኅበሩ ላይ ለሚደርሰው ነገር ከመጠየቅ ሊያመልጥ እንደማይችል ሁሉ በሥልጣኑ ከመሥራትም ሊያመልጥ አይችልም፤ አንድ ውሳኔም ሁሉን ሊያስደስት ስለማይችል ቅሬታውን ራሱ ተሸክሞ መኖር አለበት አለ።

በኛ አገር ስለ ሹመት ሲተረት፥ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ማክግሬገርን የቆጨው ግን ሌላ ነው፤ ሥልጣኑን ላለመጠቀም ሲሸሽ ያሳለፈው ጊዜ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ የዓመቶቹን ተራ እንዲመለከት እንለምናለን። ዋይ የተባለውን ሐሳብ ጽፎ ያሳተመው ከዚህ ፈተና በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። ስለዚህ ዋይ ማለት ለስላሳ አለቃ፥ ዝም ብሎ የሚተው አለቃ ማለት ነው የሚሉት ሰዎች የጸሐፊውን ኑሮ ያልጠየቁ ናቸው።

በ1954 ዓ.ም. ወደ ኤም.አይ.ቲ. ተመለሰ። በዚያም ሁለት ዓመት አስቀድሞ፥ በ1952 ዓ.ም.፥ አዲስ የኢንዱስትሪ አስተዳደር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው ገንዘብ የአልፍሬድ ስሎን ነው፤ ያ ከፍሊንት አድማ ጊዜ ጀምሮ ስሙን ያነሣነው ሰው። ስሎን ራሱ በ1895 ዓ.ም. ከዚሁ ተቋም የተመረቀ መሐንዲስ ነበረ። ይህ ሽማግሌ በትምህርት ቤቱ የአማካሪዎች ስብሰባ ላይ፥ ጥሩ የሥራ መሪ ተወልዶ ነው የሚገኘው ወይስ ተሠርቶ ነው የሚል ጥያቄ አነሣ። ማክግሬገርም ከስሎን ድርጅት በተገኘ ገንዘብ ኩባንያዎች መሪዎቻቸውን እንዴት እንደሚያሳድጉ ማጥናት ጀመረ። ጥናቱ ግን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው። ለመሪዎች የሚሰጠው ኮርስ፥ የሚሞላው ፎርም፥ የሚደረገው ፈተና ሁሉ ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ ለውጥ የሚያመጣው የኩባንያው የበላይ ሰዎች ስለ ሰው ያላቸው እምነት ነው፤ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ከዚያ ይቀዳል፤ ይህ ነው የደረሰበት ሐሳብ። በሚያዝያ 1957 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ይህን በንግግር አሰማ፤ በ1960 ዓ.ም. ደግሞ አስፍቶ የድርጅት ሰብአዊ ገጽታ የሚል ትርጉም ባለው መጽሐፍ አወጣው።

የመጽሐፉን ፍሬ ነገር እንንገር። ብዙዎቹ አለቆች ሳይናገሩት የሚያምኑት አንድ እምነት አለ፦ ሰው ከተፈጥሮው ሥራ አይወድም፥ ቢችል ይሸሻል፤ ስለዚህ መገደድ፥ መጠበቅ፥ በቅጣት መፈራራት አለበት፤ ደግሞም ኀላፊነት ስለማይፈልግ መታዘዝን ይመርጣል። ይህን እምነት ኤክስ አለው። ሁለተኛው እምነት ደግሞ፦ መልፋት ለሰው እንደ ጨዋታና እንደ ዕረፍት ተፈጥሮው ነው፤ የኔ ነው ላለው ዓላማ ራሱን ራሱ ይቆጣጠራል፤ ሁኔታው ከተስማማው ኀላፊነትን መቀበል ብቻ ሳይሆን ይፈልገዋል፤ አዲስ ነገር የማፍለቅ ችሎታም በጥቂቶች ዘንድ ብቻ ሳይሆን በብዙዎች ዘንድ አለ፥ የዛሬው የሥራ ኑሮ ግን ከፊሉን ብቻ ነው የሚጠቀምበት የሚል ነው። ይህን ዋይ አለው። ክፉና ደግ፥ አሮጌና አዲስ ብሎ ስም ሊያወጣላቸው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ስሙ ራሱ እንዳይፈርድ ብሎ ባዶ ፊደል መረጠ። እኛ ግን በደብተራችን ፈረድንባቸው።

ትልቁ ነገር እምነቱ ራሱን እውነት ማድረጉ ነው። ሰነፍ ነው ብሎ የሚያምን አለቃ መግቢያና መውጫ ሰዓት ያስፈርማል፥ ጠባቂ ያቆማል፥ ትንሹን ውሳኔ ሁሉ ወደ ራሱ ይሰበስባል። የሚጠበቀውም ሰው ጠባቂው ፊቱን ሲያዞር ያርፋል፤ ለምን አያርፍም? አለቃውም ይህን አይቶ፥ አላልኳችሁም ይላል። በየመሥሪያ ቤቱ ሹሙ ከበር ሲወጣ ወሬው እንዴት እንደሚደምቅ ያየ ሰው ማክግሬገርን ለመረዳት ወደ አሜሪካ መሄድ አያስፈልገውም። ማክግሬገር ስንፍናው የለም አላለም፤ ስንፍናው በአብዛኛው የአስተዳደሩ ውጤት እንጂ ምክንያቱ አይደለም አለ።

በ1957 ዓ.ም. ስለ ሠራተኛ ምዘና የጻፈውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። አለቃ በዓመት አንድ ጊዜ በበታቹ ባሕርይ ላይ ነጥብ ሲሰጥ እንደ ፈጣሪ ሆኖ ለመፍረድ ይገደዳል፤ ይህን ብዙ አለቆች ስለማይወዱት ፎርሙን እንዲያው ለመሙላት ያህል ይሞሉታል አለ። ሁሉም ሰው በጣም ጥሩ የሚል ማዕረግ የሚያገኝበትን ፎርም የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይከብደውም። ማክግሬገር በምትኩ ያቀረበው፥ ፒተር ድራከር በ1954 ዓ.ም. ባወጣው ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ፥ ሠራተኛው የሚቀጥሉትን ወራት ግብ ራሱ ጽፎ ከአለቃው ጋር እንዲነጋገርበት፥ በኋላም ያደረገውን ራሱ እንዲመዝን ነው። አለቃው ግን ከነገሩ አይወጣም፤ አጥብቆ ይጠይቃል፥ ይከራከራል፥ አይሆንም የሚለውንም አይሆንም ይላል።

ሐሳቡ ያለ ተቃዋሚ አልቀረም። ማክግሬገር ስለ ሰው ፍላጎት ደረጃዎች የወሰደው ትምህርት የአብርሃም ማዝሎው ነበረ። ይኸው ማዝሎው በ1962 ዓ.ም. በጋውን በካሊፎርኒያ ኖን ሊኒየር ሲስተምስ በተባለ የኤሌክትሪክ መለኪያ ፋብሪካ አሳለፈ። የፋብሪካው ባለቤት አንድሩ ኬይ በነዚህ መጻሕፍት ተመርቶ በተራ የሚጓዘውን አሠራር አስቀርቶ፥ ሠራተኞቹ በትንንሽ ቡድን መሣሪያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲገጣጥሙ አድርጎ ነበር። ማዝሎው ባየው ነገር ብዙ ቢደሰትም አንድ ማስጠንቀቂያ ጻፈ፤ ሰው ሁሉ ኀላፊነቱን ለመሸከም የጠና አይደለም፥ ደካማው የሚደገፍበት ሥርዓት ይፈልጋል የሚል ነው። ገበያው በከፋ ጊዜ፥ በ1965 ዓ.ም.፥ ፋብሪካው ወደ ቀድሞው አሠራር ተመለሰ። ይህ ዋይ ውሸት መሆኑን ያረጋግጣል የሚሉ አሉ። በኛ አስተያየት የሚያረጋግጠው ከዚህ ያነሰ ነው፤ የሠራተኛ መልካም ፈቃድ ገዢ ለሌለው ዕቃ ገዢ አያመጣም። ይሁን እንጂ የማዝሎው ቃል ከባድ ነው፤ ማክግሬገርንም ወደን ስናነብ ከጎኑ ልናስቀምጠው ይገባል።

ማክግሬገር ይህን የፋብሪካ መመለስ አላየም። በጥቅምት 1 ቀን 1964 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ በድንገት አረፈ፤ ዕድሜው 58 ዓመት ነበረ። በዚያው ዓመት ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት በስሎን ስም ተጠራ። ጀምሮት የነበረውን መጽሐፍ ባለቤቱና የቀድሞ ተማሪው ዋረን ቤኒስ አሰናድተው በ1967 ዓ.ም. አሳተሙት። በዚህም መጽሐፍ ውስጥ ሟቹ የሚያስረዳው ኤክስና ዋይ የአስተዳደር ዘዴዎች አለመሆናቸውን ነው፤ ስለ ሰው ተፈጥሮ የሚታመኑ እምነቶች ናቸው፥ ዘዴው ከእምነቱ በኋላ እንደ ጊዜውና እንደ ቦታው የሚመረጥ ነው ይላል። ከአራት ዓመት በፊት በጻፈው ምን ያህል እንደ ተሳሳቱበት ከዚህ ይታወቃል።

ስለ ቤኒስ ጥቂት እንጨምር። ከጦርነት የተመለሰ ወጣት መኮንን ነበረ፤ አንቲዮክ ሲማርም ማክግሬገር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1951 ዓ.ም. ሲመረቅም ወደ ኤም.አይ.ቲ. እንዲገባ የረዳው ማክግሬገር ነበረ። በኋላም ስለ አመራር በመጻፍ ከመምህሩ ያላነሰ ስም አገኘ። በ1971 ዓ.ም. በዚያው በኦሃዮ የሲንሲናቲ ዩኒቨርስቲ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሾመና እስከ 1977 ዓ.ም. ቆየ። ገና በሹመቱ ላይ ሳለ፥ በ1976 ዓ.ም.፥ መሪዎች መምራት የማይችሉት ስለ ምን እንደ ሆነ የሚናገር መጽሐፍ አወጣ።